ዋሻው ሲጠማ

ከአዘዞ መንገድ ዳር፣ ከጎሚስታው ጎን፣
ስም እቀርጻለሁ፣ ሰው የሞተ እንደሆን።
«ተወለደ» ብዬ፣ ቁጥር አስከትዬ፣
«አረፈ» እላለሁ፣ መሐሉን ዘልዬ።
መሐሉ ጭረት ናት፣ የጥፍር ታህል ርዝመት፤
ሰባ ዓመት ይሁን፣ ይሁን ሰባት ዓመት፣
የጭረቷ ዋጋ የለውም ልዩነት።

ሐምሌ ነው፤ ሰማዩ እንደ ጥር ጸድቷል።
ባጃጅ በሬ ቆመ።
«ማሽናችን» አለች ትርንጎ «ታመመ፣
የዩኒቨርሲቲው፤ ያንተ ግን ይቆርጣል፤
ይህን ከአናት እስከ እግሩ ማን ይሰነጥቃል?»

ብርድ ልብሱን ፈታችው፣ እንደ ሕፃን ቀስ ብላ፤
ጧፍ መሳይ ድንጋይ ነው፣ ጫፉ ላይ የቀላ።
«ማን ጠረበው?» አልኳት። «ጠብታ» አለችኝ።
ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ደስም አላሰኘኝ።
እሷ ግን ቀጠለች፦
«ጣሪያው ሲያንጠባጥብ ኖራው ይጋገራል፤
የጠገበ ክረምት ወፍራም ቀለበት ይጥላል፤
ክረምቱ ሲነጥፍ እንደ ፀጉር ይሳሳል፤
ጭራሽ የቀረ እንደሆን፣ ድንጋዩ ዝም ይላል።»

«አገሩ የት ነው?»
«በለሳ፤ ከጎሃላ እልፍ ብሎ ካለ ገደል።»
እጄ ማብሪያው ላይ ቀረ፤
ያቺ አገር ስትጠራ ጉሮሮዬ አረረ።

ምላጩ ውሃ ይፈልጋል፤ ቧንቧ ከመጣ ሦስት ሳምንት፤
ጀሪካኑን ገዛች፣ በራሷ ብር፣ ስድስት።
ግማሹ ላይ ስደርስ መብራት ሄደብን፤
ቁጭ አልን፣ ድንጋዩ ምላጩን ነክሶብን።
ከጎናችን የወይዘሮ አስናቁ ሐውልት
«ተወለደች» ላይ ቆሟል፤ አልደረሰም ለሞት።

በዝምታው መሐል «ሰባ ሰባትስ አለች?»
ብዬ ጠየቅኳት።
«አለች፤ ግን በቦታዋ አልተገኘች።
የላዩ ዝናብ ቶሎ አይደርስም እታች፤
አፈር ያስቀረዋል፣ ስንጥቅ ያሳድረዋል፣
በዚያ ተራራ፣ እንደቆጠርኩት፣ ስምንት ዓመት ይፈጅበታል።
እናንተ ስትራቡ ዋሻው ይጠጣ ነበር፣
የቀድሞ ክረምት፣ የጥጋብ ዘመን ብድር።
እናንተ ስታገግሙ
ያኔ ድርቃችሁ ደረሰው።»

ሰባት ዓመቴ ነበር።
እናቴ እዚያ ጨለማ ውስጥ ቅል ደቅና
ጠብታ ትጠብቅ ነበር፤ አንድ ቅል፣ አንድ ሌሊት።
«አይቶን ነው ያለቀሰ» ትል ነበር ዓለቱን።
አላየንም ለካ።
የጠጣሁት ውሃ የዘነበው እኔ ሳልወለድ ነው፣
አባቴ እናቴን ባገባት ዓመት፣
ማሽላው ሰው በዋጠበት ክረምት።
ቀስ እያለ፣ ዓለት ለዓለት እየዳኸ ደረሰልኝ።
ለአባቴ አልደረሰም። እሱን ያኖርነው መንገድ ዳር ነው፤
እኔ የስንቱን ስጠርብ፣ እሱ ድንጋይ የለው።

መብራት መጣ። ጨረስኩት።
ከምላጩ ሥር የወጣውን ነጭ ጭቃ ቀመስኩት፤
ያንን ቅል አወቅኩት።

እንደ ዳቦ ተከፍሏል፤ ሆዱ ቀለበት በቀለበት።
በአጉሊ መነጽር አሳየችኝ፣ ከአናቱ ሥር አንዲት ጥቁር ክር።
«ሰማንያ አምስት» አለች።
በሰማንያ አምስት እኔ እዚህ፣ ጎንደር፣
የመጀመሪያ ደሞዜን በልቼ ጠግቤ ነበር።

ወረድ ብሎ ሌላ።
«ይቺስ?»
«ይቺ ሺህ ዓመት ናት። ጠብ ያለ ነገር የለም።»
ጥፍሬን አስኬድኩባት፤
እኔ ከምቀርጻት ጭረት አትወፍርም።

«ሂሳቡ ስንት ነው?»
«የውሃውን ከፍለሻል።»
ሁለቱን ግማሽ አቅፋ ባጃጁ ውስጥ ገባች።

ሰማዩ አሁንም ጥር ነው። በለሳ ላይ ዛሬ
ዋሻው እየጠጣ ነው፣ የስምንት ዓመት ወሬ፤
ይህን ሐምሌ አልሰማም።
ያልዘነበው ዝናብ ገና መንገድ ላይ ነው።